የማሽላ ፍሬ ከምን ተሠራ? የሕያዋን መሠረታዊ ንጥረ ነገሮች በሀብሩ ማሳና ማዕድ

ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ ስሪንቃንና መርሳን አልፎ ውርጌሳ እስኪደረስ ድረስ በግራና በቀኝ በብዛት የሚታየው ሰብል ማሽላና ጤፍ ነው። በእነዚህ የሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ከገበሬዎችና ከልማት ሠራተኞች ጋር በምንወያይበት ጊዜ ደጋግሞ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ «ልጁ ጠግቦ ይበላል፤ ማሽላም ከቤት አልጠፋም፤ ታዲያ ቁመቱ ለምን አይጨምርም?» የሚል ነው። ጥያቄው ለጤና ጣቢያ ብቻ የሚቀርብ ይመስላል። ይሁን እንጂ የመልሱ መነሻ ማሳው ነው፤ ጠበብ አድርገን ካየነውም የማሽላዋ ፍሬ ራሷ ነች።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለልማት ሠራተኞች፣ ለመምህራንና ማንበብ ለሚችሉ ገበሬዎች ነው። ሕያዋን ሁሉ ከምን ከምን እንደተሠሩ በማሽላ ምሳሌነት እናስረዳለን። ስለ አንዳንዱ በሰፊው፣ ስለ አንዳንዱ በአጭሩ እንናገራለን፤ ምክንያቱም ለአካባቢያችን የሁሉም ክብደት እኩል አይደለም።

ከአየር፣ ከውሃና ከአፈር

አንድ ሸክም የደረቀ የማሽላ አገዳ ብናቃጥል የሚቀረን ጥቂት አመድ ብቻ ነው። ቀሪው የት ሄደ? የሄደው ወደ መጣበት ወደ አየር ነው። ብዙ ሰው ተክል አፈር እየበላ የሚያድግ ይመስለዋል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲታረስ የኖረ ማሳ እስካሁን ጉድጓድ ሆኖ በቀረ ነበር። እውነቱ ግን ከደረቀ ተክል ክብደት ውስጥ ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ የሚሆነው ከሦስት ነገሮች ማለትም ከካርቦን፣ ከኦክሲጅንና ከሃይድሮጂን የተሠራ ነው። ካርቦኑ የሚገኘው በአየር ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን ሃይድሮጂኑ ከውሃ ነው። ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ኃይል እነዚህን አጣምሮ መጀመሪያ ስኳር ይሠራል፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይቀጥላል።

አመዱ ደግሞ ከአፈር የመጣው ድርሻ ነው። ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ፎስፈረስና ሌሎችም በዚያ ውስጥ ይገኛሉ። ናይትሮጂን ግን ተክሉ ከአፈር የወሰደው ቢሆንም በቃጠሎ ጊዜ ከጭሱ ጋር ያመልጣል። አገዳው ሁሉ ማገዶ ሆኖ ሲያልቅ ስለ ማሳው የምንሠጋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከእነዚህ ጥቂት ነገሮች ሕይወት ያለው ፍጡር ሁሉ አራት ታላላቅ የሞለኪውል ወገኖችን ይሠራል። ሞለኪውል ማለት አንድ ነገር ጠባዩን ሳይለቅ ሊገኝበት የሚችለው የመጨረሻው ትንሽ ቅንጣት ነው። አራቱ ወገኖች ካርቦሃይድሬት፣ ስብ፣ ፕሮቲንና ኑክሌይክ አሲድ ይባላሉ። ጤፉም፣ በሬውም፣ ሰውም፣ አቀንጭራውም የተሠሩት ከእነዚሁ ነው። ነቀዝ ጎተራችን ውስጥ የሚገባው እኛ የምንፈልጋቸውን እነዚሁኑ ፈልጎ ነው።

አንድ ኩንታል የደረቀ ማሽላ ብንመረምር ሰባ ኪሎ ያህሉ ስታርች፣ አሥር ኪሎ ያህሉ ፕሮቲን፣ ሦስት ኪሎ ያህሉ ቅባት፣ አሥር ኪሎ ያህሉ ውሃ ሆኖ እናገኘዋለን። የቀረው ገለፈት፣ አመድ የሚሆነው ማዕድንና ሌላው ጥቃቅን ነገር ነው። እርግጥ እንደ ዘሩ ዓይነትና እንደ አፈሩ ይለያያል፤ የኑክሌይክ አሲዱ ድርሻም በሚዛን ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይሁን እንጂ በሚዛን ያነሰ ሁሉ በሥራ ያነሰ እንዳልሆነ ወደ መጨረሻው እናያለን።

ኃይል ሰጪው ወገን

ጥንቅሽ የቆረጠ ሕፃን ሁሉ ካርቦሃይድሬትን ያውቀዋል። በጥንቅሹ አገዳ ውስጥ ያለው ጣፋጭ ጭማቂ ስኳር ነው። በሌላው ማሽላ ግን ቅጠሉ የሠራው ስኳር አብዛኛው ወደ ራሱ ወጥቶ በፍሬው ውስጥ ስታርች ሆኖ ይከማቻል። ስታርች ማለት ግሉኮስ የሚባሉ ትናንሽ የስኳር ቅንጣቶች እንደ ጨሌ ተራ በተራ ተሰክተው የሠሩት ረዥም ክር ነው። የአገዳው ጠንካራ አካል፣ ሴሉሎስ የሚባለውም፣ የተሠራው ከዚያው ከግሉኮስ ነው። ልዩነቱ ጨሌዎቹ እርስ በርሳቸው የተያያዙበት መንገድ ብቻ ነው። የሰው ሆድ የመጀመሪያውን ማያያዣ መፍታት ሲችል ሁለተኛውን አይችልም። በሬ አገዳ በልቶ የሚያርሰው በራሱ የሆድ ጉልበት ሳይሆን በሆዱ ውስጥ በሚኖሩት፣ በዓይን በማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ጉልበት ነው። እነርሱ ሴሉሎሱን ይፈቱለታል።

መምህራን ይህን ለተማሪዎች በቀላሉ ሊያሳዩ ይችላሉ። ለቁስል የሚሆን አዮዲን ጥቂት ጠብታ በውሃ አቅጥኖ በማሽላ ዱቄት፣ በተቆረጠ ድንችና በስኳር ላይ ማንጠባጠብ ነው። ዱቄቱና ድንቹ ወዲያውኑ ሰማያዊና ጥቁር ይሆናሉ፤ ስኳሩ ግን አይለወጥም። የጠቆረው ስታርች ያለበት ነው።

ብቅልም የዚሁ ትምህርት ክፍል ነው። እህል ተነክሮ ሲበቅል ኤንዛይም የሚባሉ ሠራተኛ ሞለኪውሎች በፍሬው ውስጥ ይነሡና ስታርቹን እየቆራረጡ ስኳር ያደርጉታል። ተክሉ ይህን የሚያደርገው ቡቃያውን ለመመገብ ነው። ጠላ ጠማቂዋ ግን መሐል ላይ ገብታ ብቅሉን በፀሐይ ታደርቅና ኤንዛይሙን ለራሷ ሥራ ታውለዋለች። ይኸው ዘዴ ለሕፃናት ምግብም ይጠቅማል። ወፍራም የሆነ የሕፃን ገንፎ ከእሳት ወርዶ ለብ ሲል ጥቂት የገብስ ወይም የስንዴ ብቅል ዱቄት ቢጨመርበት ይቀጥናል። እንደገና አፍልቶ ለሕፃኑ ሲሰጡት በውሃ ከቀጠነ አጥሚት ይልቅ በአንዱ ሲኒ ብዙ እህል ይገባለታል። የማሽላ ብቅል ከሆነ ግን ቡቃያውና ሥሩ ደርቆ ተፈትጎ መወገድ አለበት፤ በማሽላ ቡቃያ ውስጥ ሲያናይድ የሚባለውን መርዝ የሚያወጣ ነገር አለና። ከብት ለጋ ማሽላ ወይም ከአጨዳ በኋላ ያቆጠቆጠውን በልቶ በድንገት የሚሞተው በዚሁ መርዝ ነው።

ስለ ስብ ብዙ አንልም። አንድ ግራም ስብ የሚሰጠው ኃይል ከአንድ ግራም ስታርች ከእጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ትንሽ ሆድ ላለው ሕፃን በገንፎው ላይ የሚጨመር አንድ ማንኪያ የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት ትልቅ ነገር ነው። በማሽላ ውስጥ ያለው ቅባት በአብዛኛው የሚገኘው በጽንሱ፣ ማለትም በቅሎ በሚወጣው ክፍል ነው። የተፈጨ ማሽላ ውሎ ሲያድር የሚመርረው ይኸው ቅባት ከአየር ጋር ተገናኝቶ ስለሚበላሽ ነው። ፍሬው ሳይፈጭ ግን ቅባቱ ተሸፍኖ ይቆያል። ወፍጮ ቤት አንድ ጊዜ ብዙ አስፈጭቶ ከማስቀመጥ ጥቂት ጥቂት ማስፈጨት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ገንቢው ወገን

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ፕሮቲን የሰውነት ገንቢ ነው ሲባል በትምህርት ቤትም በጤና ጣቢያም እንሰማለን። ሥጋ፣ ደም፣ ፀጉር፣ ከላይ የጠቀስናቸው ኤንዛይሞችም ጭምር ፕሮቲኖች ናቸው። ፕሮቲንም እንደ ስታርች የተሰካ ክር ነው። ነገር ግን በስታርች ውስጥ ጨሌው አንድ ዓይነት ብቻ ሲሆን በፕሮቲን ውስጥ ሃያ ዓይነት ነው። እነዚህ ሃያዎቹ አሚኖ አሲዶች ይባላሉ። ሰውነታችን አንዳንዶቹን ከሌላው ለውጦ ሊሠራ ይችላል። ዘጠኙን ግን ከቶ ሊሠራ ስለማይችል የግድ በምግብ ማግኘት አለበት።

አንዲት ሴት ጨሌ ስትሰካ በየአምስቱ ነጭ መካከል አንድ ቀይ የምታስገባ ከሆነ ቀዩ ሲያልቅባት ነጩ በቁና ቢሰፈርላትም ሥራዋ ይቆማል። ሰውነትም እንዲሁ ነው። ከዘጠኙ አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ ተትረፍርፈው ቢገኙ እንኳ ግንባታው ይቆማል፤ የተረፉትም ለማገዶ ይውላሉ። በማሽላ ውስጥ የሚጎድለው ቀይ ጨሌ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ነው።

በመቶ ግራም የተራ ማሽላ ፕሮቲን ውስጥ የሚገኘው ላይሲን ሁለት ግራም ያህል ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ሕፃን ግን በሚበላው በመቶ ግራም ፕሮቲን ውስጥ አምስት ግራም ያህል ላይሲን ያስፈልገዋል። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው። «ጠግቦ ይበላል፤ ለምን አያድግም?» ለሚለው ጥያቄ ዋናው መልስ ይህ ነው። በእርግጥ በሽታ፣ የውሃ ንጽሕና፣ የእናት ጤንነትም አሉበት፤ ሁሉን በላይሲን ማሳበብ አይገባም። ነገር ግን ማሽላ ብቻውን ልጅ አያሳድግም።

ለምን ጎደለ? ማሽላ በፍሬው ሆድ ውስጥ የሚያከማቸው ፕሮቲን አብዛኛው ካፊሪን የሚባለው ነው። ካፊሪን የተሰካው ያለ ላይሲን ነው ቢባል ይቻላል። ተክሉ ፍሬውን የሚያዘጋጀው ለራሱ ቡቃያ ነው፤ ቡቃያው ደግሞ ሃያውንም አሚኖ አሲድ ራሱ ሠርቶ መጨረስ ስለሚችል የላይሲን ማነስ አይጎዳውም። የሚጎዳው እኛን ነው። በዚህ ላይ ካፊሪን በውሃ ተቀቅሎ ሲበስል ይበልጥ ይቆላለፍና ለሆድ ያስቸግራል። ሊጡ ሲቦካ ይህ ችግር በመጠኑ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከቂጣና ከገንፎ ይልቅ የቦካ እንጀራ ይመረጣል። እንደ ዘንጋዳ ያሉት ቀያይና ቡናማ ማሽላዎች ደግሞ ታኒን የሚባል ጎምዛዛ ነገር አላቸው። ወፍ ብዙ አይደፍራቸውም፤ በዚያው ልክ ግን ታኒኑ ፕሮቲኑንና ብረቱን አስሮ ይይዛል።

የወሎ ገበሬ ያገኘው ዘር

እ.ኤ.አ. በ1973 ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል የተባሉ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ ከተሰበሰቡ ከዘጠኝ ሺህ በላይ የማሽላ ዘሮች መካከል የላይሲን መጠናቸው ከፍ ያለ ሁለት ዘሮች ማግኘታቸውን አሳወቁ። ሁለቱም የመጡት ከኢትዮጵያ ነበር። በመቶ ግራም ፕሮቲናቸው ውስጥ ያለው ላይሲን ከሦስት ግራም በላይ ሆኖ ተገኘ፤ የፕሮቲኑም መጠን ከተራው ማሽላ የላቀ ነበር። እነዚህን ማሽላዎች የተመገቡ የሙከራ አይጦች ተራውን ከተመገቡት በጣም ፈጥነው ክብደት ጨመሩ።

ዓመቱን እናስተውል። ያ ዘመን በእኛ አቆጣጠር 1965 እና 1966 ዓ.ም. ነው። የወሎ ሕዝብ በረሃብ የረገፈበት፣ በዚሁ አውራ ጎዳና ዳር የተሰደደው ወገን የወደቀበት ጊዜ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዶክተር ብርሃነ ገብረኪዳንና ይልማ ከበደ እነዚህ ዘሮች በገበሬው ዘንድ እንዴት እንደሚመረቱ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1979 በኢትዮጵያ የእርሻ ሳይንስ መጽሔት አቅርበዋል። ዘሮቹ ለወሎ ገበሬ እንግዳ አልነበሩም፤ ስምም ነበራቸው። አንዱ «ወተት በጉንጬ»፣ ሌላው «ማርጩቄ» ይባላል። ላይሲን የሚል ቃል ሰምቶ የማያውቅ ገበሬ ከወተት ጋር ያመሳሰለውን ማሽላ ቤተ ሙከራ ሲመዝነው ወደ ወተት የቀረበ ሆኖ አገኘው። እኛ ይህን በአጋጣሚ ብቻ የመጣ ስም ነው ብለን ለማለፍ ያስቸግረናል። ጣዕሙን ያጣፈጠው በፍሬው ውስጥ የተረፈው ስኳር ቢሆንም፣ ስኳሩና ላይሲኑ የሚመጡት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ምንጩን ከታች እናያለን።

ገበሬው እነዚህን ዘሮች በሰፊው አይዘራም ነበር። በተራው ማሽላ መካከል ጥቂት ጥቂት ይዘራና እሸቱ ጠንከር ሲል ራሱን ቆርጦ ይጠብሳል፤ ለልጆችና ለቤተሰብ ይሆናል። ለምን በሰፊው አልዘራውም? ምክንያቱን ፍሬው ሲደርቅ ማየት ይቻላል። የደረሰው ፍሬ ይጨማደዳል፤ ሆዱ ይጎደጉዳል፤ ይቀልላል። ካፊሪኑ በማነሱ ላይሲን ያላቸው ሌሎቹ ፕሮቲኖች ድርሻቸው ከፍ ይላል። ነገር ግን ስታርቹም በሚገባ ስለማይሞላ ምርቱ ያንሳል፤ ሆዱ ለስላሳ ስለሆነም ነቀዝና ሻጋታ ይደፍሩታል።

በፐርዱም በሌላም ቦታ ተመራማሪዎች ይህን ጠባይ ከምርታማ ማሽላ ጋር ለማዋሐድ ለብዙ ዓመታት ደክመዋል። ላይሲኑ ከገባ የፍሬው ጥንካሬ ይጎድላል፤ ጥንካሬው ከተመለሰ ላይሲኑ ይቀንሳል። ስለዚህ በዚያን ጊዜ የተጠበቀው ያህል በገበሬ ማሳ ላይ አልተስፋፋም። ድካሙ ግን ሌላ ፍሬ አፍርቷል። የአክስቴል ተማሪ የነበሩት ኢትዮጵያዊው ዶክተር ገቢሳ እጄታ አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዘሮችን በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዘሮች የዚያ ሥራ ውጤቶች ናቸው።

በማዕዱ ላይ የሚሞላው ጉድለት

ሳይንሱ በአንዲት ፍሬ ውስጥ ለማስገባት የደከመበትን ነገር የወሎ ማጀት በሁለት ፍሬ ሲሠራው ኖሯል። የማሽላ እንጀራ በሽሮ፣ የማሽላና የሽምብራ ንፍሮ፣ የተቀላቀለ ቆሎ ሁሉ የላይሲን ጉድለት መሙያ ናቸው። በሽምብራ፣ በምስር፣ በባቄላና በማሾ ፕሮቲን ውስጥ ያለው ላይሲን በመቶ ግራም ከስድስት እስከ ሰባት ግራም ይደርሳል። ጥራጥሬዎች በበኩላቸው የሚያንሳቸው ሜታዮኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከላይሲኑ በተሻለ በማሽላና በጤፍ ውስጥ ይገኛል። አንዱ የሌላውን ይሞላል።

ሒሳቡን እንሥራው። ሦስት ኪሎ ማሽላ 300 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ 6 ግራም ላይሲን አለው። አንድ ኪሎ ሽምብራ 200 ግራም ያህል ፕሮቲንና 13 ግራም ላይሲን አለው። ሲደባለቁ 500 ግራም ፕሮቲንና 19 ግራም ላይሲን ይሆናሉ፤ በመቶ ግራም ፕሮቲን ወደ 4 ግራም ላይሲን ገደማ ማለት ነው። ይህ ከወተት በጉንጬ ብቻውን ይበልጣል። ሁለት እጅ ማሽላ ለአንድ እጅ ሽምብራ ከሆነ ደግሞ ከ4 ግራም ያልፋል። ለሕፃን የገንፎ ዱቄት ስናስፈጭ ይህንኑ መጠን እንድትይዙ እንመክራለን፤ ሽምብራው ተቆልቶ፣ ተከክቶ ከማሽላው ጋር ይፈጫል። እንቁላልና ወተት ያለው ቤት እነርሱን ይጨምር፤ የሌለው ግን እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም።

አስቸጋሪው ነገር ጥራጥሬው ከቤት መውጣቱ ነው። ማሾ በቆላውና በወይና ደጋው ተቀባይነት ያገኘው በአጭር ጊዜ ስለሚደርስና በገበያ ዋጋ ስለሚያወጣ ነው። ገበሬው ሸጦ ገንዘብ ማግኘቱ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን የመጨረሻዋን ጣሳ ሁሉ ሸጦ ማሽላ ብቻ ይዞ መቅረት በልጅ ቁመት የሚከፈል ዋጋ አለው። በቤት ውስጥ ለእያንዳንዱ ሦስት ኩንታል ማሽላ አንድ ኩንታል ጥራጥሬ ይቅር ብንል የበዛ አይመስለንም።

ስለ ጓያ ግን በብርቱ ማሳሰብ አለብን። ጓያ ድርቅን ስለሚቋቋም በክፉ ዓመት የሚደረስለት እህል ነው፤ ፕሮቲኑም ላይሲኑም ብዙ ነው። ነገር ግን ኦዳፕ የሚባል ከፕሮቲን ክር ውጭ ብቻውን የሚኖር አሚኖ አሲድ አለበት። ይህ ነገር ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ነርቭን ይጎዳና እግርን ያሰናክላል፤ የተሰናከለው እግር አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሰሜን ወሎ በደላንታ ዳውንት ብዙ ሰዎች በዚህ ምክንያት አካል ጉዳተኞች ሆነዋል፤ ታሪኩም እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ጓያ መብላት ግድ ከሆነ በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር አብዝቶ መደባለቅና ቀን በቀን አለመብላት ጉዳቱን ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ ግን አያስቀረውም።

ፕሮቲን ከማሳው ላይ የሚወስደው

ፕሮቲን ከስታርችና ከስብ የሚለየው ናይትሮጂን ስላለበት ነው። ከፕሮቲን ክብደት ከመቶ አሥራ ስድስት እጁ ናይትሮጂን ነው። እንግዲህ ከአንድ ሄክታር 30 ኩንታል ማሽላ ያገኘ ገበሬ 300 ኪሎ ያህል ፕሮቲን ወደ ጎተራው አስገብቷል፤ በውስጡም 48 ኪሎ ናይትሮጂን ከማሳው ይዞ ወጥቷል። አንድ ኩንታል ዩሪያ ያለው ናይትሮጂን 46 ኪሎ ነው። ከዚህ በተጨማሪ አገዳው ለከብት ወይም ለማገዶ ሲወጣ የሚወስደው አለ። ማዳበሪያ ለምን በየዓመቱ ያስፈልጋል ለሚለው ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አናገኝም።

በአየር ውስጥ ናይትሮጂን ሞልቷል፤ ከአምስት እጅ አራቱ እርሱ ነው። ማሽላ ግን ሊጠቀምበት አይችልም። በሽምብራና በማሾ ሥር ላይ በሚታዩት ትናንሽ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ይህን ናይትሮጂን ይዘው ለተክሉ ያቀብላሉ። ጥራጥሬን ከማሽላ ጋር በፈረቃ መዝራት ለማዕዱም ለማሳውም አንድ ሥራ ነው የምንለው በዚህ ነው። እባጩ ሲሰነጠቅ ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ ሥራ ላይ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ገና አልጀመረም ወይም ጨርሷል።

ትእዛዙ የተጻፈበት

የመጨረሻው ወገን ኑክሌይክ አሲድ ነው፤ ዋናው ዲ ኤን ኤ ይባላል። ይህም የተሰካ ክር ሲሆን ጨሌዎቹ አራት ዓይነት ብቻ ናቸው። ሥራው መብል መሆን አይደለም። የትኛው አሚኖ አሲድ ከየትኛው ቀጥሎ ይሰካ የሚለው ትእዛዝ የተጻፈው በእርሱ ላይ ነው። ወተት በጉንጬን ከተራው ማሽላ የለየው ከዚህ ረዥም ጽሕፈት ውስጥ በአንድ ጂን ላይ የተገኘ ለውጥ ነው። የካፊሪኑ ማነስ፣ የላይሲኑ መብዛት፣ ጣዕሙና ጭምድዱ ሁሉ ከዚያች አንዲት ለውጥ የመጡ ናቸው። ለክሩ መሠሪያ ከሚያስፈልጉት አንዱ ፎስፈረስ ነው፤ በዳፕ ወይም በኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያ ወደ ማሳ የምናስገባው ያው ፎስፈረስ ነው።

ስታርች ቢያልቅ በሚቀጥለው መኸር ይተካል። ጽሕፈቱ ግን ከጠፋ ማንም ሠርቶ አይመልሰውም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ለዘር ያስቀመጠውን በልቷል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በሀብሩ በኩል ሲያልፍም የገበሬ ጎተራ ተጎድቷል፤ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ከጉዳቱ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመውና ዛሬ የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም የአገሪቱን ዘሮች በቀዝቃዛ ክፍል ያስቀምጣል። ሆኖም በማሳ ላይ በየዓመቱ የሚዘራ ዘር ከድርቁም ከተባዩም ጋር አብሮ ይለማመዳል፤ በቀዝቃዛ ክፍል የተቀመጠው ግን እንደተቀመጠ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ስለዚህ በማሳው መካከል ወተት በጉንጬ ወይም ማርጩቄ ያለው ገበሬ እሸቱን ሁሉ ጠብሶ እንዳይጨርስ እንለምናለን። ዘሩን የሚይዝበት መንገድ ከተለመደው ምክራችን የተለየ ነው። በሌላው ማሽላ ሁሉ «ሞላ ያለውን ፍሬ ለዘር ምረጡ» እንላለን። በዚህ ግን መመረጥ ያለበት የተጨማደደው ፍሬ ነው። የላይሲኑ ጠባይ የሚታየው ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ ነው። ማሽላ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ቢሆንም ነፋስ ከጎረቤት ማሽላ ጥቂት ብናኝ ያመጣበታል። በወተት በጉንጬ ራስ ላይ ሞላ ብሎ የተገኘ ፍሬ በአብዛኛው እንዲህ የተዳቀለ ነው። እርሱን መርጦ የዘራ ሰው ዓመት በዓመት ዘሩን ሳያውቅ ያጠፋዋል።

ተክሎቹን በአንድ ቦታ ሰብሰብ አድርጎ መዝራት፣ ለዘር የሚሆኑትን ራሶች ከመካከል ካሉት ተክሎች መምረጥና ሳይቆረጡ ምልክት ማሰር ይገባል። እሸት ለመጥበስ ከዳር ያሉትን መቁረጥ ይቻላል። የተመረጡት ራሶች በደንብ ሲደርቁ በእጅ ይፈለፈሉ፤ ሞላ ሞላ ያሉት ፍሬዎች ተለቅመው ለምግብ ይሁኑ። የተጨማደዱት ጥርስ ላይ ቀጭ እስኪሉ ድረስ በጥላ ደርቀው ከተነፋ አመድ ጋር ተደባልቀው አፉ በደንብ በሚከደን ቅል ውስጥ ይቀመጡ። ሆዱ ለስላሳ ስለሆነ ነቀዝ ቶሎ ይደርስበታልና በየወሩ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ ላይ ሁለት እፍኝ ያህል ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ቢሰጥ ወደ ስሪንቃ ይደርሳል። ከናሙናው ጋር የዘሩ የአካባቢ ስም፣ የቀበሌውና የጎጡ ስም፣ የተዘራበትና የታጨደበት ወር በወረቀት ተጽፎ ይታሰርበት።